ጉንዳን እንዳይወጣባቸው

በኛ መንደር የሰው እጅ ሁለት ዓይነት ነው። እጁ ቀዝቃዛ የሆነ ሰው የነካው ሁሉ ይበቅላል። እጁ ሙቅ የሆነ ሰው የነካው ይደርቃል። የማን እጅ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መጀመሪያ ማን እንደተናገረው ግን የሚያስታውስ የለም።

የታዊን እጅ ቀዝቃዛ ነው። ቤት የሠራ ሰው ግቢው ውስጥ የመጀመሪያዋን የሙዝ ችግኝ የሚያስተክለው እሱን ጠርቶ ነው። ሩዝ ሲተከልም የመጀመሪያውን እፍኝ ችግኝ ጭቃው ውስጥ የሚከተው እሱ ነው። ታዊን ብዙ የማያወራ፣ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው ዓይኑን የሚሰብር ሰው ነው። በእጁ ግን ይኮራ ነበር። ሌላ የሚኮራበት ነገርም አልነበረው።

እማማ ላምዱዋን ሦስቱን ባልዲዎች ለሱ አደራ ያሉትም በዚሁ እጁ ምክንያት ነው። እማማ ላምዱዋን ጎረቤቱ ናቸው። አስተማሪ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ታዊንንም አራተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ እጢ ከተገኘ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ነበር። ሰው የሚያጨሰውን ጋንጃ ለመድኃኒት በቤት መትከል ሲፈቀድ ጤና ኬላ ሄደው ተመዘገቡና ሦስት ችግኝ በሦስት ጥቁር ባልዲ ተከሉ። ከቅጠሉ ጥቂት ቀጥፈው በውሃ ያፈሉና ከመተኛታቸው በፊት ግማሽ ስኒ ይጠጣሉ። "ይቺ ባትኖር እስከ ዛሬ በእንቅልፍ እጦት አብጄ ነበር" ይላሉ።

ታዲያ ሆስፒታሉ ወደ ከተማ ጠራቸው። ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠው አምስት ሳምንት ሊታከሙ ነው። ሊሄዱ ሲሉ ታዊንን አስጠሩት።

"ታዊን ልጄ፣ እነዚህን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅልኝ። ስመለስ እነሱ ናቸው የሚያስተኙኝ።"

"እሺ እማማ።"

"ያንተ እጅ እያለ ምን ያሳስበኛል። ለማንኛውም ሁሉንም ጽፌልሃለሁ" አሉና ሁለት ላይ የታጠፈ ወረቀት ሰጡት።

"አነበዋለሁ እማማ" አለ ታዊን።

ወረቀቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ቤቱ ደርሶ፣ ሚስቱ ቡዋላይ ጓሮ ስትሄድ ጠብቆ አወጣው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ተያይዘው ሲመጡበት ግን የት ላይ ቆርጦ የት ላይ እንደሚጀምር ይጠፋበታል። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ጣቱን እያስኬደ ቢታገል ቢታገል አንዲት ቃል ብቻ ለየ። "ውሃ" ትላለች። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቦታ አገኛት።

ሦስት ጊዜ ውሃ ካሉ፣ ውሃ ይወዳል ማለት ነው አለ ለራሱ። ቡዋላይ ከሱ ይልቅ ታነባለች፤ እንዳይጠይቃት ግን ማንበብ እንደማይችል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብቋታል። እሷ ታውቃለች። እንደምታውቅ እሱ አያውቅም።

ባልዲዎቹን ወደ ራሱ ጓሮ አዛውሮ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጣሳ፣ አመሻሽ ላይ ሁለት ጣሳ ውሃ ያጠጣቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን ጥቁር ጉንዳን በባልዲዎቹ ላይ ተሰልፎ ሲወጣ አየ። ይህን እንኳ ያውቅበታል። የየቤታችን የምግብ ቁምሳጥን አራት እግሩን ውሃ የሞላበት ሳህን ውስጥ ነክሮ ነው የሚቆመው፤ ጉንዳን ዋኝቶ አይወጣም። ታዊን ሦስት ሳፋ አመጣ፣ ውሃ ሞላ፣ ባልዲዎቹን አንሥቶ ሳፋዎቹ ውስጥ አስቀመጣቸው። ጉንዳኑ ሳፋው አፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ታዊን ቁጭ ብሎ ሲያየው ቆየና ፈገግ አለ።

የሳፋው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ፀሐይ የጠጣው መስሎት ይሞላዋል።

በሳምንቱ ቅጠሎቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ጠማቸው አለ፣ አንድ ጣሳ ጨመረ። የባሰውን ተንጠለጠሉ። ትንሽ ቆይቶ ከታች ያሉት ቅጠሎች ገረጡ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኑ፣ ቢጫው በግንዱ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ሩዝ ሲገረጣ ራበው ማለት ነው፤ ዩሪያ ይበተንለታል። ታዊን ከሩዙ ከተረፈው ጆንያ እየዘገነ ለእያንዳንዱ ባልዲ አንድ አንድ እፍኝ በተነ። በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት የላሰው መሰለ፤ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ።

በዚሁ ቀን እማማ ላምዱዋን ደወሉ።

"እንዴት ናቸው ልጆቼ?"

"ደህና ናቸው እማማ።"

"ቅጠላቸውስ? ለመለመ?"

ታዊን ስልኩን ይዞ ባልዲዎቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። "ለምለም ነው" አለ።

"እኔማ ምን አስጨነቀኝ። ያንተ እጅ እኮ ነው" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው የደከመ ሰው ሳቅ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ታዊን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ቡዋላይ ከበሩ ላይ ስትሰማ ነበር። የምትጎርሰውን የሚጣበቅ ሩዝ በጣቷ እያድበለበለች መጣችና ባልዲዎቹን አየቻቸው። "ወንድሜን ጥራው" አለችው።

"የትኛውን?"

"ስንት ወንድም ነው ያለኝ? ካምፓይን ነዋ። እሱ በር ላይ ያሉት ጋንጃዎች ከጣሪያው በልጠዋል። አላየሁም እንዳትለኝ፤ በዚያ ስታልፍ ፊትህን ወደ ሌላ ጎን የምታዞረው ምን እያየህ ነው?"

ካምፓይ የሚባለው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሙቁ የሚለው የቡዋላይ ታናሽ ወንድም ነው። ይህን ስም ያወጣለት ደግሞ ራሱ ታዊን ነው።

ነገሩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ በታዊን ማሳ ላይ ተሰልፎ ሩዝ ሲተክል ካምፓይ አንድ እስር ችግኝ ታቅፎ መጣ። ያኔ የተከላት ፓፓያ፣ የተከላት ሎሚ ደርቃበት ነበር። ታዊን ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ዝምተኛው ሰውዬ በሰው ፊት አፉን ከፈተ። "ኧረ አስቀምጠው! ያንተ እጅ ያበስለዋል፤ ሩዙን ሳናጭደው ልንበላው ነው እንዴ?" አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ታዊን በሕይወቱ ሰውን ያሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደስ ብሎት ነበር። ካምፓይ ችግኙን አስቀምጦ አብሮ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ግን የማንም ማሳ ውስጥ ገብቶ አልተከለም። የራሱን ማሳ እንኳ ሰው ቀጥሮ ያስተክላል። እሱ በረዶ በሞተር እያዞረ ይሸጣል። "እጁ ስለሚፋጅ በረዶ ካልያዘ አያርፍም" ይሉታል።

ታዊን በማግስቱ ካምፓይ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ሦስት ጋንጃ በባልዲ ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ሰፊ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ የተከፈተ እጅ ይመስላል። ታዊን እነሱን አላየሁም ለማለት እግሩን ያያል።

"ጋሼ! ምን ልታዘዝ?" አለው ካምፓይ።

"በረዶ።"

"ስንት?"

"አንድ... አንድ ከረጢት።"

ይዞ ተመለሰ። በሁለተኛውም ቀን ሄዶ አንድ ከረጢት በረዶ ይዞ ተመለሰ። ቡዋላይ የበረዶ ማስቀመጫ ሳጥኑን ከፍታ አየችና "ይሄ ሁሉ በረዶ ለምንድን ነው? ቤት ውስጥ ሬሳ አለ እንዴ?" አለችው።

በሦስተኛው ቀን ካምፓይ ከረጢቱን ሊሰጠው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። "ጋሼ፣ አንተ በረዶ አይደለም የፈለግኸው። ምንድን ነው? እህቴ ደህና አይደለችም?"

ታዊን ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ አንድ ቅጠል አወጣ። ወረቀቱም አብሮ ተጎትቶ መሬት ወደቀ፤ ታዊን አፈፍ አድርጎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ካምፓይ ወረቀቱን አላየውም፤ ቅጠሉን ነው ያየው። ለመቀበል ግን እጁን አልዘረጋም፣ አንገቱን አስግጎ አሸተተው።

"ይሄ የእማማ ላምዱዋን ነው?"

"አዎ።"

"ጫፉ የተቃጠለው ከጥጋብ ነው። ምን አበላኸው?"

"ዩሪያ።"

"ስንት?"

"እፍኝ።"

"ሦስቱን በአንድ እፍኝ?"

"አይ... ለያንዳንዱ።"

ካምፓይ ሊስቅ ብሎ ተወው። "የመሸታ ቤት ሰካራም እንኳ እንዲህ አይጠጣም። ግን ከዚህ በታች ሌላ ነገር አለ። ከስር ነው ቢጫ መሆን የጀመረው? አሳየኝ እስቲ።"

በአንድ ሞተር ተፈናጠው ወደ ታዊን ቤት ሄዱ። ካምፓይ ጓሮ ገብቶ ባልዲዎቹን ከሩቅ አያቸው። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞር ዞር አለ። "ቅጠሉን ዳስሰው ጋሼ። ሳስቶ እንደ ወረቀት ነው ወይስ ወፍሮ ከብዶ ነው የተንጠለጠለው?"

"ወፍሯል።"

"የጠማው ሳስቶ ነው የሚዝለው። ይሄ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ነው የዛለው። ባልዲውን አንሣው እስቲ።"

ታዊን አነሣ። ከብዶት ወገቡ ተንቋቋ። ያኔ ነው ካምፓይ ሳፋውን ያየው።

"ይሄ ሳፋ ምንድን ነው?"

"ለጉንዳን ነው። እንዳይወጣባቸው።"

ካምፓይ ሳፋውን፣ ከዚያ ታዊንን አየ። "ጋሼ፣ ባልዲው ከስሩ ተበስቷል እኮ። እማማ የበሱት ውሃው እንዲወጣ ነው። አንተ ከታች እያስጠጣኻቸው ነበር። ሩዝ እኮ አይደለም፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ አይኖርም። ሥሩ መተንፈስ አቅቶት ነው ያልበላው፤ ሳይበላ ሲቀር ቢጫ ሆነ፤ አንተ ደግሞ በላዩ ላይ ዩሪያ ጫንክበት።" ትንሽ አሰበ። "እማማ ምንም ሳይነግሩህ ነው የሄዱት? እሳቸው እንዲህ አይነት ሰው አይደሉም።"

ታዊን ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠው። ካምፓይ ይህን ግን ተቀበለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

"'ውሃ በአራት ቀን አንዴ፣ ባልዲው ሲቀልል ብቻ። ውሃ ስሩ እንዳይቆም። ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ እንዳይነካቸው። የሩዝ ማዳበሪያ ፈጽሞ አታድርግ።'"

አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ። ሊጠይቅ የነበረውን ጥያቄ የታዊንን ፊት ሲያይ ዋጠው። ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰለት።

"ይሁን" አለ ካምፓይ። "አሁን ሥሩን አውጥተን እንየው። የሩዝ ገለፈት አክስለህ፣ ከኮኮናት ልጣጭ ጋር ቀላቅለህ አዲስ አፈር እንሠራለን። ዩሪያ ያለበትን አፈር ድፋው። በል ከባልዲው አውጣው።"

"አንተ አውጣው፣ ታውቅበታለህ።"

"እኔ?" ካምፓይ ሳቀ። እጆቹ አሁንም ከኋላው ናቸው። "እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ንካ። የሞት አፋፍ ላይ ያለን ነገር በሙቅ እጅ ይነካል?"

ቀልድ ይመስል ነበር። ታዊን ግን ዓይኑን አይቶ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

"በርህ ላይ ያሉትስ?" አለው።

"እነሱንማ ነክቻቸው አላውቅም። በጨርቅ ይዤ ነው የተከልኳቸው። ከዚያ በኋላ ፈርቼ ተውኳቸው። ባልዲውን ብቻ አነሣለሁ፤ ሲቀልለኝ አጠጣለሁ፤ ካልቀለለ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ፣ ብነካቸው ይሞቱብኛል።"

ሰውዬው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አምኖት ኖሯል። ታዊን ሰው ለማሳቅ ያላትን ቃል ይህ ሰው እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዟት ኖሯል። ይቅርታ ሊል አሰበ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር። "ካምፓይ፣ ንካው" አለ።

"ተው ጋሼ።"

"ንካው። የኔን እጅ ሥራ እያየኸው ነው።"

ካምፓይ እጆቹን ከኋላው አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረጋቸውና ግንዱን ያዘ።

የመጀመሪያው ባልዲ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ሟሙቷል፤ ሲነኩት ንፍጥ ይመስላል፤ የረግረግ ሽታ ሸተተ። ሁለተኛው ጥቂት ነጭ ሥር ነበረው፣ ሦስተኛው ትንሽ ይሻላል። ካምፓይ የበሰበሰውን በመቀስ እየቆረጠ፣ "እዚህ ጋ... እሺ... ይሄ ይቅር" እያለ ለራሱ ያወራ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሱቅ ያላት ፕራኖም በሽቦው ቀዳዳ ስታይ ቆየችና "ሙቁ! ምን እያበሰልክ ነው?" ብላ ጮኸች። ካምፓይ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ታዊን አንገቱን ደፋ።

በሳምንቱ ሁለተኛውም ሞተ። ሦስተኛው ቅጠሉን አራግፎ አራግፎ ዘጠኝ ቅጠል ቀረው፤ ከአናቱ ግን አዲስ አረንጓዴ ብቅ አለ። ታዊን በየማለዳው ባልዲውን እያነሣ ይመዝነዋል፣ ካልቀለለው ሳይነካው ይሄዳል። እማማ ላምዱዋን ዳግም ሲደውሉ ስልኩን ለቡዋላይ ሰጥቶ ከቤት ወጣ። ቡዋላይ ደግሞ የዝናቡን ነገር አውርታ ዘጋችው።

ከዚያ እማማ ላምዱዋን መጡ። ሰውነታቸው በግማሽ ቀንሶ ነው የመጡት። መንደሩ ሁሉ ቤታቸው ተሰብስቦ፣ እንደ ደንባችን ነፍሳቸው ተሰብስባ እንድትመለስ እጃቸው ላይ ነጭ ክር እያሰረ ይመርቃቸዋል። ካምፓይ ለመጠጡ በረዶ ይዞ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። የታዊን ተራ ሲደርስ እማማ ላምዱዋን እጁን ያዙት።

"ይኸው ልጄ! ከተማ ሌሊቱን ሳልተኛ ሳድር አንድ ነገር ነበር የሚያጽናናኝ፤ ታዊን ጋ ናቸው እል ነበር። ዛሬ ማታ ከቅጠላቸው ታመጣልኛለህ አይደል?"

ታዊን ክሩን እንደያዘ ቀረ። "እማማ... ሁለቱ ሞተዋል" አለ።

ፕራኖም ቀደመች። "ይሞታላ! ሙቁ ገብቶ ሥራቸውን ሲያፍተለትል በዓይኔ አይቻለሁ! ጠራሁትም፣ ደነገጠ!"

"ኧረ ካምፓይ!" አለ አንዱ። "በረዶ ይዘህ አትነካም ነበር እንዴ!"

ሰው ሳቀ። እንደዚያ የሩዝ ተከላ ቀን ነበር የሳቀው። ካምፓይም በሩ አጠገብ ቆሞ አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ወደ ታዊን አላነሣም። እንዲያውም የበረዶውን ከረጢት ወደ ሌላ እጁ አዛወረና ሊወጣ ዞረ። ታዊን ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማንም አይጠይቀውም። ይህን አወቀ፤ ጥቂት ጊዜም ዝም አለ። ያቺን ዝምታውን በኋላ ከሁሉም በላይ ያፍርባት ነበር።

"እሱ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ አስቀምጬ... ለጉንዳን ብዬ... ዩሪያም አድርጌ..."

"ታዊን እኮ ደግ ነው!" አለች ፕራኖም። "ለሚስቱ ወንድም ሲል በራሱ ላይ ያላክካል!" ሰውም አዎ አዎ አለ። የሚያምነው ጠፋ። ታዊን ፊታቸውን እያየ አንድ የሚያምኑት ነገር ብቻ እንዳለው ገባው። እሱን ከመናገር ቢሞት ይመርጥ ነበር።

"ወረቀቱን አላነበብኩትም እማማ" አለ። "ማንበብ አልችልም።"

ያኔ የሳቀ የለም። ቡዋላይ ከሴቶቹ መሃል እጇን አፏ ላይ አደረገች። እማማ ላምዱዋን እጁን አልለቀቁም።

"አራተኛ ክፍል አስተምሬህ አሳልፌሃለሁ" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"ዝምተኛ ስለነበርክ የገባህ ይመስለኝ ነበር።" ይህን ሲሉ እሳቸውም ዓይናቸውን ሰበሩ። ቆይተው "ስልክ ላይስ? ለምለም ነው ስትለኝ?" አሉት።

"ዋሸሁዎት።"

"እሱን አልወደድኩትም" አሉ፣ እጁንም ለቀቁት። ክሩን ሳያስር ነው የቀረው። "የተረፈውን ማነው ያዳነው?"

"ካምፓይ። በገዛ እጁ።"

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ካምፓይ መውጣትም መግባትም አቅቶት ቆሟል፤ በረዶው ቀልጦ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። "እኔ ጋ ቅጠል አለ እማማ" አለ። "ለዛሬ ማታ አመጣለሁ።"

"አምጣልኝ" አሉ እማማ ላምዱዋን። ከዚያ ታዊንን ሳያዩት፣ ለተማሪ በሚናገሩበት በዚያ በድሮው ድምፃቸው "አንተ ደግሞ ነገ ባልዲውን ካምፓይ ቤት አድርስ። በሞተር አይደለም፣ ተሸክመህ" አሉት።

በማግስቱ ታዊን ባልዲውን በሁለት እጁ አቅፎ ወጣ። ዘጠኙ ቅጠል አገጩን ይነካዋል። የካምፓይ ቤት በመንደሩ በሌላው ጫፍ ስለሆነ በየበሩ ማለፍ ነበረበት። ሰው በየበሩ ተቀምጧል። አንዳንዱ አይቶ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን በክንድ ይነካል። ታዊን ዓይኑን ባልዲው ላይ ተክሎ ይሄዳል።

ፕራኖም ሱቋ ደጃፍ ላይ ወጣች። ትናንት የሰማችውን ገና ያላመነች ትመስላለች። "ታዊን! ወዴት ነው የምትወስደው?"

"ካምፓይ ጋ" አለ፣ በለሆሳስ።

"ምን አልክ? አልሰማሁህም።"

ታዊን ቆመ። ባልዲውን ወደ ሌላው ጎኑ አዛወረና ቀና ብሎ እያያት ድጋሚ ነገራት፤ አሁን ከመንገዱ ማዶ እንኳ እንዲሰማ አድርጎ።